ጳጉሜ ደመወዝ የላትም

ጳጉሜ 3 ቀን 2092 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ዲንቄ ሁንዴ ከወንበሯ ተነስታ በእግሯ ወደ ገበያ ሄደች። ከቤቷ እስከ ገበያው አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሜትር ነው። ጫማ አላደረገችም። ሰማዩ ያካፋ ነበር፤ ቀኑ ሩፋኤል ስለሆነ ዝናቡ ጠበል ነው ብለው ለመመታት የወጡ ሰዎች በየደጃፉ ቆመዋል። ሲያዩዋት ወሬያቸውን አቆሙ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ወንበሯ ተሰብሮ ነው?» ብላ ጠየቀች። ዲንቄ ሁለት ኪሎ ድንችና አንድ እስር ጎመን ገዝታ፣ ራሷ ተሸክማ፣ በመጣችበት መንገድ ተመለሰች።

በጨፌ ከተማ ሦስት መቶ አርባ ባለውል ሯጮች አሉ። ባለውል ሯጭ አይራመድም። ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መሮጫው ሜዳ ሰው ያነሳዋል ወይም ይገፋዋል። በሜዳው ላይ የተጻፈለትን ያህል ይሮጣል፤ ሲጨርስ ወንበሩ መስመሩ ዳር ይጠብቀዋል። ጉልበት የሚያልቅ ነገር ነው፤ ያስፈረማቸው ድርጅት የገዛውም የሚያልቀውን ነው። ስለዚህ ወደ ሽንት ቤት የሚባክን እርምጃ የለም። ሯጮች በሠርግ ላይ ተቀምጠው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ፤ በቅዳሴ ሌላው ሲቆም እነሱ ይቀመጣሉ። ሕፃናት ሯጭ ሆነው ሲጫወቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። በከተማችን «እግረኛ» ስድብ ነው።

እኔ ንጋቱ እባላለሁ፤ የድርጅቱ ወጌሻ ነኝ። ሥራዬ በየወሩ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሯጭ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የውስጥ እግር መርምሮ ያየሁትን መጻፍ ነው። የሰማሁትን አልጽፍም፤ የገመትኩትንም አልጽፍም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሪፖርት ለእርማት ተመልሶብኝ አያውቅም።

የዲንቄን እግር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ስትፈርም ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ውሉን ይዛ ወደ መመርመሪያ ክፍሌ የመጣችው የሕግ አማርኛ የሚያነብላት ሰው ፈልጋ ነው። ታላቅ ወንድሟ ዳባም አብሯት ነበር። ዳባ ራሱ የቀድሞ ባለውል ነው፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ አልቀው በሠላሳ አንድ ዓመቱ ተሸኝቷል። አሁን እያነከሰ የእህቱን ወንበር ይገፋል። ለመራመድ የሚቸገረው ሰው መራመድ የምትችለዋን ይገፋል፤ በጨፌ ይህን የሚያስገርም ነገር ብሎ የሚያየው የለም።

«ስልሳ ወር ይላል» አለችኝ ያን ቀን። «ስልሳ ወር ስንት ነው?»

«አምስት ዓመት።»

«ጳጉሜስ?»

ሳቅሁ። አባቴ መምህር ነበር፤ ጳጉሜ ስትገባ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና «እስከ መስከረም መንግሥት አያውቀኝም» ይል ነበር። ደመወዝተኛ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ቀልድ ያውቀዋል። «ጳጉሜ ደመወዝ የላትም» አልኳት። «የማይከፈልሽን ቀን ማን ይወስድብሻል? ጳጉሜ ያንቺ ናት።»

እሷ ግን ቀልድ አድርጋ አልወሰደችውም፤ የውሉ አንዱ አንቀጽ አደረገችው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ጳጉሜ 1 ቀን ጠዋት ከወንበሯ ትነሳለች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ባዶ እግሯን ትራመዳለች። ከወንዙ ዳር እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ ወንዙ። ከቤታቸው ጀርባ ሰው ስለማይበዛ የሚያያት አልነበረም። ድርጅቱም በጳጉሜ በሯጮቹ እግር ላይ የሚታሰረውን የእርምጃ ቆጣሪ ለጥገና ሰብስቦ ይወስድ ስለነበር፣ ብዙዎቹ በየጓሯቸው ጥቂት ጥቂት ይራመዱ ነበር ይባላል። ቆጣሪው መስከረም 1 ቀን ተመልሶ ይታሰራል።

የሚራመድ እግርና የሚሮጥ እግር አንድ አይደሉም። የእኛ ሯጮች በፊት እግራቸው እንዲያርፉ ነው የሚሠለጥኑት፤ ተረከዛቸው መሬት አያውቅም፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስላሳ ነው። በመስከረም 2089 ምርመራ የዲንቄ ተረከዝ ሻከረብኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በሁለቱም ተረከዝ መጠነኛ መወፈር ታይቷል።» ያየሁት ይህ ስለሆነ ይህን ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ። «ከመራመድ የመጣ ነው።»

ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ፣ ደመወዝ እንዲጨመርልኝ አመልክቼ ነበር። መልሱ በአንድ መስመር መጣ፤ የወጌሻ ሥራ በገበያው ዋጋ እየተከፈለ ነው የሚል። የዲንቄ ደመወዝ የእኔን አርባ እጥፍ ነው። ገበያ ውስጥ ሴቶቹ «ሐኪም በዓመት የማያገኘውን እሷ በወር፣ ያውም ለሁለት ሰዓት ሩጫ» ሲሉ እሰማ ነበር። ዳባ አንድ ቀን «ሁለቱን ሰዓት ነው እንጂ ሌላውን ሃያ ሁለት ሰዓት መች ታያላችሁ?» ብሎ መለሰላቸው፤ አንዷም ቀበል አድርጋ «ሃያ ሁለቱንማ ተቀምጣለች» አለችው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እነሱ የሚሉትን እኔም በልቤ እል ነበር። ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ግን የማስበው ስለ ትክክለኛነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በ2091 እና በ2092 መስከረምም ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች እንዳሉ ገለበጥኳቸው።

ዘንድሮ ድርጅቱ ቆጣሪዎቹን ሰብስቦ ወሰደ፤ ጳጉሜ 2 ቀን ማታ ግን ወንበሮቹ ውስጥ ሌላ ነገር አስገባባቸው። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ራሱ ያስታውቃል። ጳጉሜ 3 ቀን የዲንቄ ወንበር ከሦስት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል ባዶ እንደነበር አስታወቀ። ከሰዓት በኋላ የቆዩ ሪፖርቶቼ ከመዝገብ ወጡ። በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም ተጠራን።

የነገሩ ክብደት እንዲህ ነው። የዲንቄ ውል ሊያበቃ ሁለት ቀን ቀርቶታል። መስከረም 1 ቀን እግሯ የራሷ ይሆናል። በእኔ ልኬት የቀኝ ጉልበቷ የሁለት ዓመት ውድድር ይዟል፤ ከዚያ አያልፍም። ሁለቱን ዓመት በራሷ ስም ልትሮጥ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንደ ማንም ሰው ልትራመድ አስባ ነበር። ውሉን ጥሳለች ከተባለ ግን ዘመኑ እንደ አዲስ ከአንድ ይጀምራል፤ አምስት ዓመት። ሁለት ዓመት የያዘ ጉልበት አምስት ዓመት ሲሮጥ ምን እንደሚሆን ለማየት ዳባን ማየት ይበቃል።

ስብሰባው በድርጅቱ ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። የውል ክትትል ኃላፊዋ ወይዘሮ ማስተዋል ትሑት ሴት ናት፤ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ ሰምቼ አላውቅም። በጠረጴዛው ራስጌ ጡረታ የወጡ አንድ ገላጋይ ዳኛ ተቀምጠዋል። ዳባ እህቱን ገፍቶ አስገባና ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«አትሌት ዲንቄ፣ ትናንት ጠዋት የት ነበርሽ?» አለች ወይዘሮ ማስተዋል።

«ገበያ።»

«ማን ወሰደሽ?»

«እግሬ።»

ዳባ ፈገግ አለ። ወይዘሮ ማስተዋልም ፈገግ አለች። «ምን ነበር የቸገረሽ? ድንች ከሆነ እኮ ቤትሽ ድረስ እንልክልሻለን።»

«ድንቹ አልቸገረኝም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ጳጉሜ ነው» አለች ዲንቄ፤ ሌላ የሚያስፈልግ ማብራሪያ ያለ አልመሰላትም።

ዳባ ከግድግዳው ተላቀቀ። «ይፍቀዱልኝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ጳጉሜ ወር ናት ወይስ አይደለችም?»

«ይህ ከጉዳያችን ጋር…»

«ብቻ ይመልሱልኝ። ወር ካልሆነች ውሉ አያውቃትም፤ ስልሳ ወር ነው የሚለው። እህቴ የተራመደችው ከውል ውጭ ነው።» ጣቶቹን መቁጠር ጀመረ። «ወር ከሆነች ደግሞ ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ነው። አራት ዓመት ሃምሳ ሁለት። መስከረም፣ ጥቅምት እያልን ስምንት እንጨምር፤ ስልሳ። ውሉ ያለቀው ሚያዝያ ሠላሳ ነው ማለት ነው። በሰኔና በነሐሴ ያሸነፈቻቸውን ሁለት ውድድሮች ለማን ሮጠች? አንዱን ይምረጡልኝ። የፈለጉትን። እኔ በሁለቱም ደስተኛ ነኝ።»

ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ እስክሪብቷቸውን አነሱ። ዳባ ይህን ሂሳብ ሌሊቱን ሲሠራ እንዳደረ ከዐይኖቹ ያስታውቃል። እኔም በልቤ ቆጠርኩት፤ ልክ ነበር።

ወይዘሮ ማስተዋል ውሉን ገለጠች። አልተቻኮለችም። «ደመወዝ በወር ነው፣ አቶ ዳባ። ግዴታ ግን በቀን ነው።» ሰባተኛውን ገጽ አነበበች፦ «ባለውሏ ከተፈረመበት ጊዜ ጀምሮ እስከ 2092 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ድረስ፣ በማናቸውም ቀን፣ ከልምምድና ከውድድር ውጭ አትራመድም።» ቀና አለች። «ጳጉሜ ወር መሆኗን አላውቅም፤ የሊቃውንት ጉዳይ ነው። ቀን መሆኗን ግን አውቃለሁ።»

ይህን አንቀጽ ከአምስት ዓመት በፊት አንብቤዋለሁ። «በማናቸውም ቀን» የሚለውን የሕግ ሰዎች ለጌጥ ከሚጨምሯቸው ቃላት እንደ አንዱ ቆጥሬ አልፌው ነበር።

«ለማይከፈል ቀን?» አለ ዳባ።

«ደመወዙ ሲወሰን ዓመቱ ሙሉ ታስቦ ነው። ዲንቄ የሚከፈላትን ደግሞ አገር ያውቀዋል። እኔ ራሴ አሥር ዓመት ሠርቼ የማላገኘው ነው።» ወደ ዲንቄ ዞረች። «ይበዛብሻል አልልም። ይገባሻል። ግን ትልቅ ደመወዝ ትልቅ ቃል ይጠይቃል። ሰው የፈረመውን ካላከበረ በምን እንይዘዋለን?»

ዲንቄ እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አደረገች።

«ታምሜ ሮጫለሁ» አለች። «በሰው አገር ትኩሳት ይዞኝ ሮጬ ሦስተኛ ወጥቻለሁ፤ ለምን አንደኛ አልሆንሽም ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። አባቴ የሞተ ጊዜ ልምምድ ላይ ነበርኩ፤ ጨርሼ ነው የሄድኩት። የቀብሩ ቀን ሰው ሁለት ተሸከመ፤ እሱንም፣ እኔንም። ከሬሳው ኋላ መሄድ አልቻልኩም። ያኔ ቃሌን በልቻለሁ?»

«አልበላሽም።»

«አሁንም አልበላሁም። ጳጉሜ ያንቺ ናት ስለተባልኩ ነው የተራመድኩት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነው ያለሽ?»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ልጄ። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ ውሉን ሲያስረዳሽ እንዲህ ብሎሽ ከሆነ፣ ቃሉ የድርጅቱ ቃል ነው። ያን ጊዜ ጥሰት የለም። ከድርጅቱ ነው?»

«አዎ።»

«ስሙ?»

ዲንቄ ወደ እኔ አላየችም። ሆን ብላ ወደ መስኮቱ ነበር የምታየው። «ሰውየው የሚበላው ከእነሱ ነው» አለች። «ልናገር ካለ ራሱ ይናገር። እኔ የሰው እንጀራ አልዘጋም።»

«ስም ያልተጠራበትን ነገር መመዝገብ አልችልም» አሉ ዳኛው። እስክሪብቷቸውን ግን አላስቀመጡም። ጠበቁ።

ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር። አርባ ሁለት ሰከንድ ቆጠርኩ። ዳባ እያየኝ ነበር፤ ያን ቀን መመርመሪያ ክፍሌ ውስጥ አብሯት ነበር፣ እሱም ሰምቷል። አፉን ሊከፍት ሲል እህቱ እጇን ወደ ኋላ ሰዳ የሸሚዙን ጫፍ ያዘችው። ለጡረታ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ይቀረኛል። ይህንም ቆጠርኩ።

«እሺ» አሉ ዳኛው። «ወጌሻው አሉ?»

«አለሁ።»

«ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት? ‹ከመራመድ የመጣ ነው›?»

«እኔ ነኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት? ከጫማ፣ ከልምምድ ሊመጣ አይችልም?»

ሊመጣ ይችላል ማለት እችል ነበር። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው እንኳ አይከራከረኝም ነበር። ግን ሊመጣ አይችልም፤ በዚያ ቦታና በዚያ ውፍረት አይመጣም። «አይችልም» አልኩ። «ከመራመድ ነው። ባዶ እግር፣ ጠጠር ያለበት መሬት ላይ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ቀን።»

«በጣም ትክክለኛ ሰው ነዎት» አሉኝ። እንደ ምስጋና ነበር የተናገሩት።

ውሳኔው ከምሳ በፊት ተነበበ። ጥሰት ተፈጽሟል፤ ዘመኑ ከመስከረም 1 ቀን 2093 ጀምሮ እንደ አዲስ ይቆጠራል። ዲንቄ አላለቀሰችም። ዳባ ወንበሩን ለማዞር ሲሞክር ግን አንዱ ጎማ ከጠረጴዛው እግር ጋር ተያያዘበት፤ ለማላቀቅ ብዙ ጊዜ ፈጀ፤ የረዳውም አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለች ወይዘሮ ማስተዋል፣ በሩ ላይ ሳይደርሱ። «ድርጅቱ ጨካኝ አይደለም። የአቶ ዳባ ክርክር ልብ የሚነካ ነው፤ እውነትም ያልተከፈለ ቀን አለ። ስለዚህ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ጳጉሜ ይከፈላል። ለዲንቄ ብቻ አይደለም፤ ለሁሉም ባለውል፣ ለሁሉም ሠራተኛ። ቆጣሪም ከእንግዲህ በጳጉሜ አይሰበሰብም።»

ማስታወቂያው ከእኛ በፊት ከተማው ደረሰ። ከቢሮው ስንወጣ አንዲት ሯጭ ወንበሯን እያስገፋች አጠገባችን አቁማ የዲንቄን ጉንጭ ሳመች። «አምላክ ይስጥሽ» አለቻት። «ጳጉሜን አስከፈልሽልን።»

ዳባ «አስከፈለቻችሁ» አለ። ሯጭዋ ነገሩ አልገባትም፤ ሳቀችለት።

የዘመን መለወጫ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ የዲንቄ ግቢ በወንበር ተሞላ። ሰባ ያህል ቆጥሬ ተውኩት። ሯጮቹ ተዋጥተው በግ አምጥተዋል። ገፊዎቻቸው ከኋላ ቆመው ያጨበጭባሉ፣ ሯጮቹ ተቀምጠው ትከሻቸውን ይሰብቃሉ። አንዱ ወጣት ሯጭ ብርጭቆ አንሥቶ ንግግር አደረገ፤ እስከ ዛሬ ዓመቱ ጎደሎ ነበር፣ ዲንቄ ሞላችው፣ አለ። እልልታው እስከ መንገድ ተሰማ። የገበያዋ ሽንኩርት ሻጭም ነበረች። «ይሄኔ እኮ ለአንድ ቀን መንገድ ነው ይህን ሁሉ ያገኘችው» ስትል ሰማኋት፤ በመንደሩ ደመወዝ የማያገኙ ብዙ ናቸው፣ አልፈረድኩባትም።

የሄድኩት ባልሄድ ስለሚታወቅ ነው። ዲንቄ ጥግ ላይ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ በአዲሱ ወንበሯ ተቀምጣለች። ቆጣሪው በሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ ላይ ታስሯል። አጠገቧ በርጩማ ሰጡኝ። ሰው ያመጣልኝን በላሁ። ዲንቄ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እያለች እጇን ትዘረጋለች።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሽ ንጋቱ፣ ለእርስዎም ጨመሩልዎ?» አለችኝ።

«ጨመሩልኝ።»

«ጳጉሜን ብቻ?»

ዋሽቼ ባልፍ ይሻል ነበር። «ሌላም ትንሽ አለ» አልኩ። «ከሦስት ዓመት በፊት የጠየቅኩትን የደመወዝ ጭማሪ ፈቅደውልኛል።»

«ይገባዎታል» አለች። በፊቷ ላይ ሽሙጥ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። አብሯት ለሚሠራ ሰው እንደምትናገር ነው የተናገረችው። «ሃያ ስድስት ዓመት ቀላል አይደለም። አነሰ እንጂ አልበዛም።»

ዳባ በግቢው ማዶ ቢላ ይዞ በጉ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሲያየኝ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። ኮቴን ሰብስቤ ተነሳሁ።

ታላቅ ሲነሳ ታናሽ ብድግ ይላል፤ ዲንቄም ከልጅነቷ የለመደችው ነውና ሁለት እጆቿን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አድርጋ ትከሻዋን ከፍ አደረገች። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው ትንሽ የቆጣሪ መብራት ቢጫ ሆነ። እኔም ሳላስብ፣ ለሚነሳልህ ሰው ሁሉ የሚባለውን አልኳት።

«በእግዜር፣ አትነሺ።»

ትከሻዋን መለሰች። ቢጫው ጠፋ።

«አልነሣም፣ ጋሽ ንጋቱ» አለች።